ማኦ «ሁላችሁም ሰማያዊ ልበሱ» ብለው አዘው ነበር?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ጃንሆይ በ1971 ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር የተነሱትን ፎቶ አየሁ። የዚያን ጊዜ ቻይናውያን በየፎቶው ላይ አለባበሳቸው አንድ ዓይነት ነው። ቀደም ባለው የሻንጋይ ፎቶ ላይ ደግሞ ሴቶቹ ሰውነት ላይ ልክክ ያለ የሐር ቀሚስ ለብሰዋል። ዛሬ በቲክቶክ የማያቸው ወጣቶች እጅጌው መሬት የሚጠርግ የጥንት ቀሚስ ለብሰው ይንጎራደዳሉ። መንግሥት እያዘዘ ነው? ለመሆኑ እውነተኛው የቻይና ባህል ልብስ የትኛው ነው?»

ቁርጡን ልንገርዎት፤ ማኦ እንዲህ ያለ ሕግ አላወጡም። ቻይና ውስጥ መንግሥት በሰው ልብስ ላይ ደንብ ያወጣባቸው ጊዜያት አሉ። ሰማያዊው ዘመን ግን ከእነሱ አንዱ አይደለም። ያንን ዘመን የሠሩት ፍርሃትና የጨርቅ እጥረት ናቸው። ፍርሃቱን ሁሉም ያወራዋል። እጥረቱን ግን ብዙ ሰው አያነሳውም፤ እኔ ደግሞ የበለጠ የሠራው እሱ ነው ባይ ነኝ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከጸጉር ነው። ማንቹዎች ከሰሜን ምሥራቅ መጥተው በ1644 ቤጂንግን ያዙና የቺንግ ሥርወ መንግሥታቸውን እዚያ ተከሉ። በማግስቱ ዓመት የሃን፣ ማለትም የብዙኃኑ ቻይናዊ ብሔር፣ ወንድ ሁሉ የፊት ጸጉሩን ተላጭቶ የኋላውን እንዲጎነጉን ታዘዘ። ቀልድ አልነበረም፤ ጸጉሩን ያቆየ አንገቱን አያቆይም ነበር። ጂያንግዪን የምትባል ከተማ እምቢ ብላ 80 ቀን ያህል ተዋጋች። ስትወድቅ ሕዝቧ ተፈጀ። ከጸጉሩ ጋር የወንዱ ልብስም ተቀየረ። ደረት ላይ የሚደራረበውና እጅጌው ሰፊ የሆነው የድሮ ቀሚስ ቀረ፤ ጎን ላይ የሚቆለፍ የማንቹ ቀሚስ ገባ። የሃን ሴቶችን ግን ብዙም አልነኳቸውም። ከላይ አጭር ልብስ፣ ከታች ጉርድ ቀሚስ መልበሳቸውን ቀጠሉ።

ከ260 ዓመት በላይ ቆይቶ አብዮት ሲፈነዳ የሆነው ነገር ይገርማል። በ1911 መጨረሻና በ1912 ወታደሮች መቀስ ይዘው የከተማ በር ላይ ቆሙ። የሚያልፈውን ሰው ጉንጉን መቁረጥ ጀመሩ። ቅድመ አያቶቹ በሰይፍ ተገደው ያሳደጉትን ጉንጉን የልጅ ልጅ እያለቀሰ አስቆረጠ። የቆረጡለትን ጸጉር አንስቶ ቤቱ ያስቀመጠም ነበር። እንግዲህ የትኛው ነው ባህሉ? ጥያቄዎ ላይ ቶሎ መልስ የማልሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1917 ዣንግ ሹን የሚባሉ የድሮውን ሥርዓት ናፋቂ ጄኔራል ቤጂንግ ገብተው ከዙፋን ወርዶ የነበረውን የ11 ዓመቱን ንጉሠ ነገሥት ፑዪን መልሰው አነገሡት። ሰው ወዲያው ወደ ቲያትር ዕቃ ሻጮች ሮጠ፤ ከፈረስ ጭራ የተሠራ የውሸት ጉንጉን ፍለጋ። መንግሥቱ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ፈረሰ። ጉንጉንም በየመንገዱ ተጥሎ ታየ።

አዲሱ ሪፐብሊክ ራሱ በ1912 የልብስ ደንብ አወጣ። ወንዱ ለክብር ቀን የፈረንጅ ጥቁር ኮትና ባርኔጣ ያድርግ ይላል። እዚህ ላይ ነጋዴዎቹ ጮሁ። ሱፍ የሚመጣው ከውጭ ነው። አገሬው ሁሉ ሱፍ ከለበሰ የሱዡና የሃንግዡ ሐር ሸማኔ ምን ሊበላ ነው? የሻንጋይ የሐርና የልብስ ነጋዴዎች ቀደም ብለው፣ በ1911 መጨረሻ፣ ማኅበር አቋቁመው ይህንኑ ሲወተውቱ ነበር። ተሰሙም። ደንቡ ሲወጣ ጨርቁ የአገር ውስጥ ይሁን የሚል ገባበት። ረጅሙ ቀሚስና ላዩ ላይ የሚደረበው አጭር ኮትም በክብር ልብስነት ታወቁ። የማንቹ ዘመን ልብስ ከአብዮቱ የተረፈው እንግዲህ በሐር ነጋዴዎቹ ጉልበት ጭምር ነው።

አሁን ወደ ፎቶው ኮት እንምጣ። ፈረንጅ በማኦ ስም ይጠራዋል እንጂ የሱን ያት-ሴን ነው፤ ቻይናውያን ዦንግሻን ይሉታል። ሱን የሪፐብሊኩ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ረጅሙን ቀሚስ ቢለብሱ የጣሉትን ሥርዓት ይመስላሉ። ክራባት ቢያስሩ ደግሞ ፈረንጅ ይሆናሉ። መሃሉን የያዘው የጃፓን ተማሪዎችን ዩኒፎርምና የወታደር ኮትን ያዳቀለ ልብስ ነው። የሚታጠፍ ኮሌታ አለው። ፊት ለፊት አንድ ረድፍ አዝራር፣ ክዳን ያላቸው አራት ኪሶች። የታችኞቹ ኪሶች ደብተር ሲገባባቸው እንዲለጠጡ ሆነው የተሰፉ ናቸው። የግራው የደረት ኪስ ክዳን ላይ ለእስክሪብቶ ብቻ የተተወች ጠባብ ክፍተት አለች። የቢሮ ሰው ልብስ መሆኑን የምትነግርዎት እሷ ናት።

አራቱ ኪስ አራቱ ምግባራት ናቸው፣ አምስቱ አዝራር አምስቱ የመንግሥት አካላት፣ እጅጌው ላይ ያሉት ሦስቱ ደግሞ ሦስቱ የሱን መርሆዎች የሚል ትንታኔ በየቦታው ያገኛሉ። ከጊዜ በኋላ የተለጠፈ ትርጉም ነው። ኪሱ መጀመሪያ ኪስ ነበር። በ1929 የብሔርተኞቹ መንግሥት ይህን ልብስ የመንግሥት ሠራተኛ ዩኒፎርም አደረገው። ስለዚህ ማኦ ከመልበሳቸው በፊት የጠላቶቻቸው ልብስ ነበር። ማኦም የሱን ወራሽ እኔ ነኝ ማለት ስለፈለጉ ጥቅምት 1 ቀን 1949 የሕዝባዊ ሪፐብሊኩን ምሥረታ ሲያውጁ ቤጂንግ፣ ቲያንአንመን ላይ ለብሰውት ወጡ። በ1956 ደግሞ ከሻንጋይ ወደ ቤጂንግ እንዲዛወሩ የተደረጉ ልብስ ሰፊዎች ኮሌታውን ሰፋና ሾጠጥ አደረጉላቸው። የማኦ የሚባለው ቅድ በዋናነት ከሌላው የሚለየው በዚች ኮሌታ ነው።

የሻንጋይዋ ቀሚስ፣ ቺፓኦ፣ ታሪኳ ከመልኳ ጋር አይሄድም። ዛሬ የሴትነት ምልክት ተደርጋ ትታያለች። አነሳሷ ግን ወንድ መምሰል ነበር። በ1920ዎቹ ተማሪዎችና አስተማሪዎች የሆኑ ሴቶች ሁለት ቁራጭ ልብሳቸውን ትተው እንደ ወንዶቹ አንድ ወጥ ረጅም ቀሚስ መልበስ ጀመሩ። የእግር ማሰር ባህል የተከለከለበት፣ ሴት ልጅ ዩኒቨርሲቲ የገባችበት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ቺፓኦ ሰፊና ቀጥ ያለ ነበር፤ ወገብ የለውም። በዚያን ጊዜ ሴቶች ጡታቸውን በጨርቅ አጥብቀው ያስሩ ነበር። የጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር መንግሥት በ1927 ይህን ማሰር በደንብ ከለከለ። ሰውነት ሲለቀቅ ቅዱም አብሮ ተለወጠ። ቀሚሱ መጀመሪያ ወደ ጉልበት አጠረ፣ በ1930ዎቹ አጋማሽ ጫማ እስኪሸፍን ረዘመ፣ በጦርነቱ ዓመታት ጨርቅ ሲወደድ እንደገና አጥሮ እጅጌውን አጣ። በ1934 የብሔርተኞቹ መሪ ቺያንግ ካይ-ሼክ «አዲስ ሕይወት» የሚል ዘመቻ ጀምረው የሴት ልብስ ርዝመት ላይ ደንብ ሲወጣ ሻንጋይ ብዙም አልሰማችም።

አብዛኛው ሰው የለበሰው ግን የሐሩን አይደለም። በጀርመን ቀለም የተነከረ፣ ቢያጥቡት የማይለቅ ሰማያዊ የጥጥ ቺፓኦ ነበር የተማሪውና የአስተማሪዋ ልብስ። ሰማያዊው ከማኦ በፊትም ነበር ለማለት ነው። በፊልም የለመድነው በጣም ጠባቡ ቺፓኦ ደግሞ በአብዛኛው የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ሆንግ ኮንግ ነው። ከ1949 በኋላ ሸሽተው የሄዱ የሻንጋይ ሰፊዎች ናቸው እዚያ ያሳመሩት።

ኮሚኒስቶቹ ከተማ ሲገቡ በጥጥ የተሞላ ግራጫና ሰማያዊ ልብሳቸውን ለብሰው ነበር የገቡት። ባለ ጊዜው ሰው እሱን ከለበሰ ሌላው ምን ይጠብቃል? በጥቂት ወራት ውስጥ የከተማው ሰው ቀሚሱን ሳጥን ውስጥ ከተተ። ሴት ካድሬዎች በሌኒን ስም የሚጠራ፣ ሁለት ረድፍ አዝራር ያለው ኮት ያዙ። ከሶቪየት የመጣው አበባማ ቀሚስም ለጥቂት ዓመታት ደመቀ። እንዲያውም በ1956 መንግሥት ራሱ ሰዉን አበባ ያለበት ልብስ ልበሱ ብሎ ቀስቅሶ ያውቃል! መጽሔቶች ጻፉ፣ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጀ። በ1957 «ቀኝ ዘመም» የተባሉ ሰዎችን ማደን ሲጀመር ግን የለበሰው ሁሉ አወለቀ። የፍርሃቱን አሠራር እዚህ ላይ ያዩታል። ማንም «አውልቁ» አላለም። ጎልቶ መታየት አደጋ መሆኑን ሰዉ ራሱ አወቀ።

የጨርቁ ነገር ይኸውና። ከመስከረም 1954 ጀምሮ ጥጥ ጨርቅ ያለ ኩፖን አይገዛም ነበር። ኩፖኑ እስከ 1983 መጨረሻ፣ ለ29 ዓመት ቆየ። በደርግ ጊዜ በቀበሌ ካርድ ስኳርና ሳሙና የተሰለፈ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ እዚያ ሸሚዝም የሚገኘው እንደዚያ መሆኑ ነው። ምክንያቱ ውስብስብ አይደለም። ጥጥ የተዘራበት ማሳ ስንዴ አይዘራበትም፤ ሕዝቡ ደግሞ መብላት አለበት። ከተሸመነው ጨርቅም ከፊሉ ለውጭ ምንዛሪ ይሸጣል፤ በምንዛሪው ማሽን ይገዛል። በታላቁ ረሃብ ማብቂያ፣ በ1961 አካባቢ፣ ለአንድ ሰው በዓመት የሚደርሰው ጨርቅ አንድ ሙሉ ልብስ አያሰፋም ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው ምን ዓይነት ልብስ ይመርጣል? ቆሻሻ የማያሳይ፣ ወፍራም፣ ሰፊ፣ ለወንድም ለሴትም የሚሆን፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚወርድ። ሰማያዊ፣ ግራጫ ወይም ጥቁር ኮት ማለት ነው። የዘመኑ አባባል «ሦስት ዓመት አዲስ፣ ሦስት ዓመት አሮጌ፣ ተጠጋግኖ ደግሞ ሌላ ሦስት ዓመት» ይላል። የመጀመሪያ ልጅ አዲስ ይለብሳል፣ ሁለተኛው አሮጌውን፣ ሦስተኛው የተጣፈውን። ከዚህ በኋላ ሕግ ምን ያደርጋል?

ሰው ግን ማማር አይተውም። ሻንጋይ ውስጥ ኮሌታ ብቻ ማሰፋት ተጀመረ። ተራ የሸሚዝ ኮሌታ ነው፤ ከፊት ጥቂት አዝራሮች አሉት፣ ደረት ላይ ይቆማል፣ እጅጌ የለውም፣ ጀርባም የለውም ማለት ይቻላል። በብብት ሥር በሚያልፍ ማሰሪያ ይያዛል። ሹራብ ሲደረብበት ግን ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ይወጣዋል። ከአንድ ሸሚዝ ጨርቅ ብዙ ኮሌታ ይገኛል። ደሞዝተኛው በሳምንት ሦስት ሸሚዝ የሚቀያይር ይመስል ነበር። ቢሮው ሞቆ ሹራብ አውልቅ እስካልተባለ ድረስ ጣጣ የለውም።

ገጠሩ ደግሞ የራሱ ቀልድ አለው። በ1970ዎቹ ከጃፓን ዩሪያ ማዳበሪያ በናይለን ከረጢት ይገባ ነበር። ከረጢቱ ጠንካራ ነው፤ ኩፖንም አይጠይቅም። የአካባቢ ካድሬዎች ቀለም እየነከሩ ሱሪ አሰፉት። ጽሑፉ ግን ከቀለሙ ሥር አልጠፋም። ከፊት «ጃፓን»፣ ከኋላ መቀመጫቸው ላይ «ዩሪያ»። ገበሬው ግጥም ገጥሞበት እስካሁን ይሳቅበታል።

ማኦ የቀሰቀሱት የባህል አብዮት ከዚህ ሁሉ በላይ መጣ። ነሐሴ 1966 የቀይ ዘብ ወጣቶች መንገድ ላይ ጠባብ ሱሪ ይቀዱ፣ ሹል ጫማ ይቆርጡ፣ የሰው ቤት ገብተው ቺፓኦ ያቃጥሉ ነበር። ሚያዝያ 1967 የፕሬዚዳንት ሊዩ ሻውቺ ባለቤት ዋንግ ጓንግሜይን ቺንግሁዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሕዝብ ፊት አቆሙ። በግድ ቺፓኦ አለበሷቸው፤ አንገታቸው ላይ የፒንግ ፖንግ ኳስ እንደ ዶቃ ሰክተው አንጠለጠሉባቸው። ጥፋታቸው በ1963 ለመንግሥት ጉብኝት ኢንዶኔዥያ ሲሄዱ ቺፓኦና የአንገት ጌጥ ማድረጋቸው ነው።

በዚያ ዘመን እንኳን ፋሽን አልሞተም። አረንጓዴ የወታደር ልብስ ሁሉም የሚመኘው ሆነ። ዓይን ያለው ሰው ደግሞ ልዩነቱን ይለያል። ባለ ሁለት ኪሱ የተራ ወታደር ነው፤ ባለ አራት ኪሱ የመኮንን። ታጥቦ ታጥቦ የነጣው ከአዲሱ ይበልጣል፤ የድሮ ታጋይ ልጅ መሆንን ይናገራላ። ቤጂንግ ውስጥ የወታደር ቆብ ከሰው ራስ ላይ ነጥቆ መሮጥ የተለመደ ሌብነት ነበር።

ትእዛዝ ብቻውን ልብስ እንደማያሸጥ የምታሳይ አንዲት ነገር ልጨምር። በ1974 የማኦ ባለቤት ጂያንግ ቺንግ ለአገሪቱ ሴት ሁሉ የሚሆን ቀሚስ አመጡ። በቲያንጂን ነበር የተሰፋው። አንገቱ እንደ ቪ ፊደል የተቆረጠ፣ ከወገብ በታች ሽንሽን ያለው። ሴትዮዋ በዚያን ጊዜ ሥልጣናቸው ያስፈራል፤ ጋዜጣው በእጃቸው ነው። ቀሚሱ ግን አልተሸጠም። ውድ ነው፣ ሽንሽኑ ጨርቅ ይበላል፣ ብስክሌት ላይም አይመችም። የባለሥልጣን ሚስቶች ለይሉኝታ ገዙት፣ የቀረው መደርደሪያ ላይ ቀረ።

ሰማያዊውን ያሸነፈው ንግግር አይደለም፤ ፋብሪካ ነው። በ1972 እና በ73 መንግሥቱ ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ክር የሚያወጡ ፋብሪካዎችን ከውጭ ለመግዛት ወሰነ። አንዱ ሻንጋይ ዳር፣ ጂንሻን ላይ ተተከለ። ሌሎቹ ቲያንጂን፣ ሊያዎያንግና ሲቹዋን ውስጥ። ፖሊስተሩ የማይጨማደድ፣ ቶሎ የሚደርቅና ቀለም የሚይዝ ነው። ሙቀት ላይ ያፍናል፤ ግን ማን ይሰማል! ክር ከእርሻ መሬት ሲላቀቅ ኩፖን ትርጉም አጣ። ታህሳስ 1983 ቀረ።

የሚያስቀው ግን በዚያው ሰሞን ፓርቲው «የመንፈስ ብክለት» የሚል ዘመቻ ላይ ነበር። ቤልቦተም ሱሪ፣ ረጅም ጸጉርና ጥቁር መነጽር የዘመቻው ሰለባዎች ናቸው። ወጣቱ መነጽሩን ከነተለጠፈበት ምልክት ነበር የሚያደርገው፤ የውጭ መሆኑ እንዲታይ። በየፋብሪካው በር ላይ የሱሪ አፍ በመቀስ የሚቀድ ሰው ይቆም ነበር። ዘመቻው ጥቂት ወራት ቆይቶ ከሰመ። የፈረንሳዩ ልብስ ነዳፊ ፒየር ካርዳን አስቀድሞ፣ በ1979፣ ለተመረጡ ተመልካቾች ቤጂንግ ላይ የፋሽን ትርኢት አሳይቷል። በ1987 የፓርቲው ጉባኤ ማብቂያ የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ዣው ዚያንግና ጓዶቻቸው በሱፍና በክራባት ጋዜጠኛ ፊት ቆሙ። ያን ቀን ነገሩ ተቋጨ። ገጠሩም ሱፍ ኮት ገዛ፤ እጅጌው ላይ የተሰፋውን የፋብሪካ ምልክት ሳይፈታ።

የዛሬዎቹ ወጣቶች ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጡ ናቸው። በ2001 ሻንጋይ ላይ ኤፔክ የሚባለው የእስያና የፓስፊክ አገሮች ስብሰባ ሲደረግ ቡሽና ፑቲንን ጨምሮ መሪዎቹ የሐር ኮት ለበሱ። በጥንቱ የታንግ ሥርወ መንግሥት ስም ይጠራል፤ ቅዱ ግን ማንቹዎቹ ይደርቡት ከነበረው አጭር ኮት የመጣ ነው። ኮቱ ገበያውን አጥለቀለቀ፤ አንዳንድ የሃን ወጣቶች ግን ተናደዱ። የእኛ ልብስ ከ1644 በፊት የነበረው ነው አሉ። በ2003 ዠንግዡ ከተማ ውስጥ አንድ ሠራተኛ በራሱ ተነሳሽነት የጥንቱን ዓይነት ቀሚስ ለብሶ መንገድ ላይ ሄደ። የሃንፉ፣ ማለትም የሃን ልብስ፣ እንቅስቃሴ ከዚያ ነው የሚቆጠረው። መንግሥት አላዘዘም፤ በኋላ ግን ወደደው።

አንዳንዱ ቅድ ከመቃብር ከወጣ ልብስና ከሥዕል የተጠና ነው። አንዳንዱ ደግሞ ለካሜራ የተሰፋ ነው፤ ከፖሊስተር። ብዙው የሚመጣው ሻንዶንግ ውስጥ ካለችው ካውሺየን ወረዳ ነው። በ2022 የፈረንሳዩ ፋሽን ቤት ዲዮር የለቀቀው ጉርድ ቀሚስ «የፈረስ ፊት» ከሚባለው፣ ከቺንግ በፊት ከነበረው የሚንግ ዘመን ቀሚስ ተቀድቷል ተብሎ ቻይናውያን ተማሪዎች ፓሪስ ሱቁ በር ላይ ሰልፍ ወጡ። ያ ሁሉ ጫጫታ ለቀሚሱ ማስታወቂያ ሆነለት።

ስለ እውነተኛው ባህል ልብስ የጠየቁትን እንግዲህ በቀጥታ ልመልስ። ቺፓኦን ካሉኝ መቶ ዓመት ገደማ ነው። ዦንግሻንም ያው። ሃንፉ ጥንታዊ ነው፤ ግን ከ350 ዓመት በላይ ተቋርጦ በዘመናችን እንደገና የተሰፋ ነው። እኔ ሦስቱንም የቻይና እላለሁ። አንዱን መርጦ ሌላውን የሚያወልቅ ግን መጨረሻው አያምርም። ጥቅምት 2010 ቼንግዱ ውስጥ አንዲት ልጅ ሃንፉ ለብሳ ምግብ ቤት ተቀምጣ ሳለ ፀረ ጃፓን ሰልፈኞች ኪሞኖ መስሏቸው አስወለቋት፤ አቃጠሉትም። በ2022 ደግሞ ሱዡ ላይ እውነተኛ ኪሞኖ ለብሳ ፎቶ የምትነሳ ወጣት ፖሊስ ወስዷት ነበር። በማግስቱ ዓመት «የቻይናን ሕዝብ መንፈስ የሚጎዳ» ልብስ መልበስን የሚያስቀጣ የሕግ ረቂቅ ለአስተያየት ቀረበ። የሕግ መምህራን ሳይቀሩ ተቃወሙ፤ መንፈስ መጎዳቱን ማን ይለካዋል ብለው። አስተያየቱ ጎረፈ። በ2024 በወጣው ሁለተኛ ረቂቅ ላይ ያ ሐረግ የለም።